የወጋየሁ ድምፅ በቆቦ ሜዳ

የማስተምረው ራያ ቆቦ ውስጥ፣ ቲያትር ቤት ገብተው በማያውቁ፣ ግን ጥሩ ተዋናይን ከመጥፎው አጥርተው በሚለዩ ሰዎች መካከል ነው። አገር ፍቅርም፣ ብሔራዊም፣ ራስ ቲያትርም ያሉት አዲስ አበባ ነው፤ ከቆቦ እዚያ ለመድረስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል። ማሽላውን ጥሎ ለአንድ ምሽት ትርኢት ይህን ያህል መንገድ የሚሄድ የራያ ገበሬ አላውቅም። እንደዚያም ሆኖ ሮቢት ወይም ጎብዬ ገበያ ላይ ጠጉሩ የሸበተ ሰው አግኝታችሁ የወጋየሁ ንጋቱን ስም ብታነሡለት፣ መልኩን ባያውቅ እንኳ ድምፁን ያውቀዋል። «ያ ፍቅር እስከ መቃብርን ያነበበው!» ይላችኋል። ቀጥሎም ስለ ሰብለ ወንጌል ያወራችኋል፣ የጎረቤቱ ልጅ የነበረች ይመስል።

እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ። ከክፍለ ጊዜ ውጭ የትምህርት ቤታችንን የድራማ ክበብ አለማምዳለሁ። ለወላጆች ቀንና ለዓመቱ መዝጊያ የሚቀርቡትን አጫጭር ድራማዎች የምናዘጋጀው ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ ገፍተን ባዶ ባደረግነው ክፍል ውስጥ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ከወጋየሁ የበለጠ የረዳኝ አስተማሪ የለም። አግኝቼው አላውቅም፤ የተማርኩት በማዳመጥ ብቻ ነው።

ወጋየሁ ከሁሉ በፊት የመድረክ ሰው ነበር። ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር የምንለው ቤት በ1948 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ከተከፈተ በኋላ ተዋናይነት ራሱን የቻለ ሙያ እየሆነ ሲመጣ፣ ከፊት ከተሰለፉት ወጣቶች አንዱ እሱ ነው። ደበበ እሸቱ፣ አስናቀች ወርቁ፣ ተስፋዬ ገሠሠ የዚያው ዘመን ሰዎች ናቸው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የሚጽፋቸውን፣ ያልሠለጠነ ሰው በአንድ ትንፋሽ የማይዘልቃቸውን ንግግሮች ተሸክሞ ለሕዝብ ያደረሰው ይህ ትውልድ ነው። ወጋየሁ በ1982 ዓ.ም. ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው አረፈ። የመድረክ ሥራው አብዛኛው የቀረው በተመልካቹ ትዝታ ውስጥ ነው፤ ተመልካቹ ባለፈ ቁጥር ትዝታውም አብሮት ይሄዳል። ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል። ለተማሪዎቼ «እንዲህ ቆመ፣ እንዲህ ዞረ፣ እጁን እንዲህ አደረገ» ብዬ የማሳያቸው ነገር የለኝም።

ለእኛ የደረሰን በሬዲዮ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ወጋየሁ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ላይ በተከታታይ ሲተርከው ግን መጽሐፍ ገዝቶ የማያውቀው፣ ፊደልም ያልቆጠረው ሰው ሳይቀር የታሪኩ ባለቤት ሆነ። ያኔ በገጠሩ ሬዲዮ ያለው ቤት የሚቆጠር ነበር፤ ሰዓቱ ሲደርስ ጎረቤት ተሰብስቦ እንደሚያዳምጥ፣ ባትሪው ሲደክም ድንጋዩን አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡት እንደነበር ትልልቆቹ ያጫውቱኛል። ዛሬ ያው ትረካ በሚሞሪ ተጭኖ በባጃጅ ውስጥ፣ በልብስ ሰፊው ደጃፍ፣ በማሽላ መጠበቂያ ማማ ላይ ይሰማል።

ማማውን ያለ ምክንያት አላነሣሁትም። የእኛ አገር ልጅ ወደ ድራማ ክበብ የሚመጣው ድምፁን ማማ ላይ አሠልጥኖ ነው። ማሽላው ማሸት ሲጀምር ግሪሳ ይመጣል። ደመና መስሎ ይወርድና የአንድ ቤተሰብን የዓመት ቀለብ በጥቂት ቀን ሊጨርሰው ይችላል። ስለዚህ ልጆች ከጎህ እስከ ምሽት ማማ ላይ ይውላሉ፤ ወንጭፍ ይወነጭፋሉ፣ ጅራፍ ያጮሃሉ፣ ከሁሉ በላይ ግን ይጮኻሉ። ከዚህኛው ማሳ እስከዚያኛው ማሳ እየተጠራሩ ያወራሉ። በዚያ ወቅት ከክፍል የሚቀረው ተማሪ ብዙ ነው፤ ይህ ሌላ ቁምነገር ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። ድምፃቸው ግን ከሆድ የሚነሣ፣ ሜዳ የሚያቋርጥ ነው። ከተማ ያደገ ልጅ በወራት ልምምድ የማያመጣውን ይዘውት ይመጣሉ።

ችግሩ ክፍል ውስጥ ሲገቡ ነው። አንዲት ተማሪ ለምልመላው ቀርባ ንባቧን እየጮኸች ስትወጣው፣ ቀስ እንድትል ብነግራት ቅር አላት።

«ቲቸር፣ እኔ እኮ ማማ ላይ ሆኜ ስጮህ ዞብል ድረስ ይሰማል» አለችኝ።

«ማማ ላይ የምትጮኺው ወፏ እንድትሸሽ ነው፤ እዚህ የምትናገሪው ሰው እንዲጠጋሽ ነው» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አኑሬ ከወጋየሁ ትረካ ጥቂት አሰማኋቸው። ድምፁን ሆን ብዬ ቀነስኩት። ሃያ የሚሆኑ ልጆች ከተቀመጡበት ተነሥተው ጠረጴዛውን ከበቡት። ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

የተዋናይነት ትምህርት ከዚህ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ። ድምፅ ማውጣት የጉሮሮ ጉዳይ ነው፤ ልጆቻችን ጉሮሮ አላቸው። ሰውን ማስጠጋት ግን ትንፋሽን ማስተዳደር ይጠይቃል። አማርኛ በዚህ ላይ የራሱ ፈተና አለው። ዐረፍተ ነገራችን ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ማን እንዳደረገው፣ መደረጉና አለመደረጉ፣ ያለፈ ይሁን የሚመጣ የሚለየው ማሰሪያ አንቀጹ ላይ ሲደረስ ነው። ጀማሪ አንባቢ ደግሞ በሙሉ ኃይሉ ይነሣና ወደ መጨረሻው ትንፋሹ ያልቅበታል፤ ማሰሪያውን ይውጠዋል። ከኋላ የተቀመጠው አድማጭ ሰውየውን፣ በቅሎውን፣ መንገዱን ይሰማና ምን እንደሆኑ ሳያውቅ ይቀራል። የሐዲስ ዓለማየሁ ዐረፍተ ነገሮች ደግሞ ረዣዥም ናቸው፤ አንዳንዱ ግማሽ ገጽ ይሄዳል። ወጋየሁን ጆሮዬን አቅንቼ ስሰማው በጣም የሚያስደንቀኝ እዚህ ላይ ነው። የቱንም ያህል ቢረዝም ማሰሪያው ላይ ሲደርስ ትንፋሽ አለው። መሐል ላይ የሚያርፍባቸው ቦታዎች የሐሳቡ መታጠፊያዎች እንጂ የሳንባው ድካም የመረጣቸው አይደሉም።

ይህን ለልጆቹ የማስተምረው ከኋላ ወደ ፊት በመሄድ ነው። መጀመሪያ ማሰሪያውን ብቻ ይላሉ፣ በሙሉ ድምፅ። ከዚያ ከፊቱ ያለውን ሐረግ ይጨምሩበታል፤ እንደገና ከዚያ በፊት ያለውን። ዐረፍተ ነገሩ እያደገ ሲሄድ መድረሻውን አስቀድመው ያውቁታልና ትንፋሻቸውን ይቆጥቡለታል። ጽሑፉ ላይ የት እንደሚተነፍሱ በእርሳስ ምልክት ያደርጋሉ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማያሳይ፣ ሳይገባቸው ያነበቡት ቃል ወዲያው ያጋልጣቸዋል፤ ስለዚህ ጮክ ብሎ ከማንበብ በፊት መረዳት ግድ ይሆናል። ያቺ ባለ ማማዋ ልጅ ይህን ልምምድ ከሁሉም ቀድማ ነው የያዘችው። ትንፋሽ ነበራት፤ የጎደላት ለምን እንደምታወጣው ማወቅ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ነገር ብዙ ሰው መሆን ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የድሃው ገበሬ የቦጋለ መብራቱ ልጅ በዛብህ አለ፤ የዲማው ጌታ ፊታውራሪ መሸሻ አለ፤ ሰብለ ወንጌል አለች፤ ገበሬውን አስከትሎ የሚሸፍተው አበጀ በለው አለ፤ ዘመዶቹ እንደ እብድ የሚያዩት ጉዱ ካሳ አለ። እነዚህን ሁሉ አንድ ጉሮሮ ነው የተሸከማቸው። ልጆቼ መጀመሪያ ሲሞክሩት ለፊታውራሪው ያጓራሉ፣ ለሰብለ ድምፃቸውን ያቀጥናሉ፣ ለጉዱ ካሳ ይንቀጠቀጣሉ። ሁሉም የሚያስቅ ይሆናል። ወጋየሁ ሰዎቹን የሚለያቸው በፍጥነትና በዕረፍት ነው። ባለሥልጣኑ ለመናገር አይቸኩልም፤ ማንም አያቋርጠኝም ብሎ ያምናልና። የሚፈራው ሰው ቃሉን ይሻማል። ድምፁ ብዙም ሳይለወጥ ሰውየው ይለወጣል።

ጉዱ ካሳና ፊታውራሪ መሸሻ የሚከራከሩበትን ክፍል ስናለማምድ፣ ፊታውራሪ የሆነው ልጅ እንደ ልማዱ ጣሪያውን ያናውጠዋል። አስቆምኩትና ጠየቅኩት።

«አባቶቻችሁ ለዘወልድ ሲቀመጡ ማን ነው የሚጮኸው?»

«ተበዳዩ ነው ቲቸር።»

«የሚፈርደውስ?»

ትንሽ አሰበ። «እሱማ አይጮህም። እሱ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል።»

በራያ ቆቦ ደም ሲፈስ፣ ቂም ሲያያዝ በዘወልድ ሽምግልና ተቀምጠው የሚያስታርቁ አባቶች አሉ። እነዚህ ልጆች ከልጅነታቸው ጀምረው ዛፍ ሥር የተቀመጠውን ጉባኤ ከዳር ቆመው ሲያዩ ያደጉ ናቸው። ክብደት ያለው ንግግር ምን እንደሚመስል፣ ዱላውን መሬት ላይ አስደግፎ ዝም ያለ ሰው ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ልጁ ተመልሶ ክፍሉን ሲጫወተው ዱላ አልያዘም፣ ድምፁንም አላነሣም፤ ግን ጉዱ ካሳ የሆነው ጓደኛው ሳያስበው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። አንድ የአዲስ አበባ ተዋናይ በሬዲዮ የሠራውና የቆቦ ሽማግሌ በየሳምንቱ የሚያደርገው ያን ቀን ተገናኙ።

የሴት ልጆችን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በነሐሴ ለሶለል በዓል የቆቦ ልጃገረዶች አምረውና ተውበው፣ ከበሮ ይዘው፣ በየደጃፉ እየዞሩ ይዘፍናሉ፤ ቃል እያወጡ ያወድሳሉ፣ ካሻቸውም በቅኔ ይነካሉ። አባትም እናትም ደስ ብሏቸው ያያሉ። ያቺው ልጅ በመስከረም ድራማ ክበብ ልግባ ስትል ግን «ሰው ፊት ቆመሽ ምን ልትሆኚ?» ትባላለች። የቤቱን ስጋት እረዳዋለሁ፤ ልምምዱ ሲመሽ መንገዱ ያስፈራል። ስለዚህ ልምምዱን ወደ ቅዳሜ ጠዋት አዛወርነው፤ እናቶች መጥተው እንዲያዩም በሩን ክፍት እንተዋለን። አገር ፍቅር በጀመረበት ዘመን የሴቱን ቦታ ወንድ ለብሶት ይጫወት ነበር። አስናቀች ወርቁ ክራሯን ይዛ መድረክ ላይ ስትወጣ የገጠማት ሐሜት ከዚህኛው የከፋ እንጂ ያነሰ አልነበረም። እሷ በ2004 ዓ.ም. መስከረም ላይ ስታርፍ ግን በክብር የሸኛት ብዙ ነው። ይህን ለእናቶች ስነግራቸው የሚያዳምጡኝ አሉ።

ስለ ሰሜኑ ጦርነትም ልጆቹ መጫወት ይፈልጋሉ። በጳጉሜ 2013 እና ከዚያ በኋላ ቆቦ ያየችውን የማያውቅ ተማሪ ክፍሌ ውስጥ የለም፤ አንዳንዱ ከቤቱ ሰው ጎድሎበታል። መጀመሪያ ይዘውት የሚመጡት ጽሑፍ ተኩስና ዋይታ የሞላበት ነው። እንዳይጽፉ አልከለክልም፤ መድረክ ላይ ግን ጠብመንጃ አላስወጣም፣ በእንጨት የተሠራም ቢሆን። ከታች የሚቀመጡት እናቶች ናቸው። በምትኩ አንዲት እናት ለልጇ እራት አስቀምጣ የምትጠብቅበትን አጭር ክፍል ሠራን፤ እናትየዋ ስለ ልጇ አንድም ቃል አትናገርም፣ የምታወራው ስለ በሬው ነው። የተማሪዋ ሥራ ሳታለቅስ መጨረስ ነበር። ለአንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ከባድ ሥራ ነው፤ ተወጣችው።

ይህን ዓይነት ዝምታ በፊልም ማየት ለፈለገ ደበበ እሸቱን እጠቁማለሁ። ደበበ በሃንጋሪ ቲያትር ተምሮ የተመለሰ፣ የጸጋዬንም የሼክስፒርንም ሥራዎች በመድረክ የሠራ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 «ሻፍት ኢን አፍሪካ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ከሪቻርድ ራውንድትሪ ጋር ተጫውቷል። ከምርጫ 97 በኋላ ደግሞ ከቅንጅት አመራሮች ጋር ታስሯል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው «ቀይ ቅጠሎች» በተባለው የባዚ ጌቴ የእስራኤል ፊልም ውስጥ ሚስቱ የሞተችበት፣ ቤቱን ሸጦ በልጆቹ ቤት እየዞረ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ አዛውንት ሆኖ እናገኘዋለን። ልጆቹ የእስራኤልን ኑሮ ለምደዋል፤ እሱ ግን የለቀቀውን አገር ሥርዓት አልለቀቀም። የታሪኩ አጥንት የሼክስፒር ንጉሥ ሊር ነው። በሁለቱ ፊልሞች መካከል ከአርባ ዓመት በላይ አለፈ፤ በዚያ መሐል የሆነበት ሁሉ ፊቱ ላይ አለ። አዛውንቱ ምግብ ፊት ሲቀመጥ፣ በር ላይ ሲቆም፣ ልጁ የማይገባውን ቋንቋ ሲናገር ሲሰማ ደበበ ፊቱን እምብዛም አይለውጠውም። የእኛ ልጆች ያን አዛውንት ወዲያው ነው የሚያውቁት፤ ከዞብል ወርዶ ከተማ ልጁ ቤት የገባ፣ ምኑንም ያልወደደለት አያታቸው ነው።

ወላጆች አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ «ጋሼ፣ ከዚህ ምን ይበላል?» መዋሸት አልፈልግም። ፈቃዱ ተክለማርያም ከአርባ ዓመት ያላነሰ በመድረክ፣ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ያገለገለ፣ ከወጋየሁ በኋላ በመጽሐፍ ትረካ ሕዝብ ጆሮውን የሰጠው ሰው ነው። ኩላሊቱ ሲታመም ለሕክምናው ገንዘብ ከሕዝብ መሰብሰብ ነበረበት፤ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. አረፈ። ይህን ለወላጆቹ እነግራቸዋለሁ። ደግሞም ልጃችሁ ተዋናይ ባይሆን እንኳ ሰው ፊት ቆሞ ሐሳቡን ሳይውጥ የሚጨርስ፣ ሌላው ሲናገር የሚያዳምጥ ጠበቃ፣ ነርስ፣ የግብርና ባለሙያ ይሆናል እላቸዋለሁ። ተዋናይ መሆን ከፈለገ ግን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ የቲያትር ትምህርት ክፍል አለው፤ መንገዱ አለ።

የጎደለን ማየት ነው። ልጆቼ ሰምተው ያደጉት የድምፅ ቲያትር ነው፤ አካሉን፣ መብራቱን፣ ሁለት ሰው አንድ መድረክ ላይ ሲተነፍስ አላዩም። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚሄደው አስፋልት ቆቦን መሐል ለመሐል ያልፋል፤ የቲያትር ቡድን የጫነ አውቶቡስ ለማቆም አያስቸግርም። ለሚመጣ ቡድን ከወዲሁ ልናገር። ማሽላው ታጭዶ ከተወቃ በኋላ፣ ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ፣ ሰው እፎይ ይላል፤ ያን ጊዜ ኑ። ቀኑ ስለሚሞቅ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ቢጀመር ይሻላል። መብራት ስለሚጠፋ ጄነሬተር እንከራያለን። መድረኩን በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ከምሥራቅ በኩል እንሠራዋለን፣ የሚመሸው ፀሐይ ተመልካቹን ዓይን ዓይኑን እንዳይወጋው። ማይክሮፎን ባታመጡም ግድ የለም፤ ዝም ብሎ ማዳመጥ የሚችል ሕዝብ ነው።